የፍራው ሊንድነር አያት ሦስተኛ ሜዳሊያ

ይህን ለመጻፍ ስቀመጥ ባለቤቴ ከኋላዬ መጥቶ «ደግሞ ያንን ነገር ልታነሺው ነው?» አለኝ። አዎ፣ ላነሳው ነው። ለብዙ ጊዜ ሆድ ይፍጀው ብዬ ትቼው ነበር። ሆዴ ግን አልፈጀውም።

ያኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ፍራንክፈርት ኖርድቬስትሽታት ውስጥ፣ ሊፍቱ በሳምንት ሁለቴ በሚበላሽ ረጅም ፎቅ ላይ ነበር የምንኖረው። ሥራዬ በየቤታቸው እየዞርኩ አዛውንቶችን መንከባከብ ነው፤ እዚህ «ፕፍሌገዲንስት» ይሉታል። ማጠብ፣ ማልበስ፣ ቁርስ ማቅረብ፣ መድኃኒት ማስዋጥ። ስለ ራሴ አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ፤ ምላሴ አያርፍም። ሳቅም ቁጣም ከአፌ ቶሎ ነው የሚወጣው። እናቴ «አንቺ ልጅ ልብሽ ደረትሽ ውስጥ ሳይሆን ከንፈርሽ ላይ ነው ያለው» ትለኝ ነበር።

ከማያቸው አዛውንቶች ሁሉ የምወዳቸው ፍራው ሊንድነርን ነበር። ቦከንሃይም፣ ዩኒቨርሲቲው ከዚያ ሰፈር እየለቀቀ በነበረበት ጊዜ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ባል የላቸው፣ ልጅ የላቸው። ሃምቡርግ ያለ የእህታቸው ልጅ ለገና ይደውላል፤ በቃ። በአፌ ፍራው፣ ማለት ወይዘሮ ሊንድነር እላቸዋለሁ፣ በልቤ ግን እማማ ነበሩ። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ የእሳቸው እጅ የሠራው የሱፍ ካልሲ ነበር የደረሰልኝ። እናቴ ሩቅ ናት፤ እሳቸው ደግሞ ልጅ የላቸውም። እንዲህ ሆነን ተገናኘን።

አንድ ማለዳ ፀጉራቸውን እያበጠርኩ ሳለ ከመሳቢያ አንዲት ቡናማ ፎቶ አውጥተው ዓይናቸው ሥር አስጠጓት።

«ትርሲት፣ የአያቴ ፊት ጠፋብኝ።»

«የት ጠፋ? ይኸው ፊት ለፊትዎ።»

«የጠፋው ዓይኔ ነው። ኮሌታው ይታየኛል፤ ደረቱ ላይ ያለውም ነገር ያንጸባርቃል። ፊቱ ግን ጭጋግ ሆነብኝ።»

ፎቶዋን ተቀበልኳቸው። የእጅ መዳፍ ታክላለች። የወታደር ልብስ የለበሰ፣ ፂሙ ወደ ላይ የተቆለመመ ሰው አንድ እጁን ጎራዴው ላይ አድርጎ ቆሟል። ኮሌታው ዙሪያውን ያጌጠ ነው። ደረቱ ላይ ሦስት ሜዳሊያ።

አባታቸው እሳቸው ገና ሳይራመዱ ሞተዋል። እናታቸው ፋብሪካ ስለምትውል ያሳደጓቸው እኚህ አያት ናቸው። ፀጉራቸውን የሚጎነጉኑላቸው፣ ትምህርት ቤት የሚያደርሷቸው፣ ማይን ወንዝ ዳር በትከሻቸው ይዘዋቸው የሚሄዱት እኚህ ሰው ነበሩ። «ከእሱ ወዲህ እንደዚያ አድርጎ የወደደኝ የለም» አሉኝ። አላጋነኑም፤ ሰውየውን ሲያነሱ ድምፃቸው ራሱ የልጅ ይሆናል።

«በእኛ አገር እኮ እንዲህ ያለ ፎቶ መሳቢያ ውስጥ አይቀበርም!» አልኳቸው። አፌን አታውቁትም፤ ከጀመርኩ አልቆምም። የወላጅን ፎቶ በትልቁ አሳጥበን፣ ቀለም አስቀብተን፣ ወርቃማ ፍሬም ውስጥ አድርገን ከሶፋው በላይ እንደምንሰቅል አወራኋቸው። ኮልፌ እናቴ ቤት ያለውን የአባቴን ፎቶም ነገርኳቸው። ፎቶ ቤቱ ለመታወቂያ ከተነሳው ጥቁርና ነጭ ላይ ጭንቅላቱን ወስዶ ሰማያዊ ሱፍና ቀይ ክራቫት አልብሶታል። አባቴ በሕይወቱ ክራቫት አስሮ አያውቅም። ፍራው ሊንድነር እስኪያስላቸው ሳቁ።

«እሑድ ዘጠና ዓመቴ ነው» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «እንግዲያው ለእኔም አሠሪልኝ። ፊቱን ልየው።» ከዚያ ሳቁ ቆመና እጄን ያዙ። «አንድ አደራ አለብሽ። ደረቱ ላይ ያሉት ምን እንደሆኑ አጣሪልኝ። በልጅነቴ ጠየቅኩት፤ ምንም ሳይመልስልኝ ክፍሉን ለቆ ወጣ። ሁለተኛ አልጠየቅኩትም። ሳልሞት ማወቅ እፈልጋለሁ።»

«አጣርቼ እነግርዎታለሁ» አልኩ። አደራ ነው ያሉኝ እንግዲህ። በጀርመንኛ ቢሉትም እኔ የሰማሁት አደራ ብዬ ነው።

ፎቶውን የወሰድኩት ለቢኒያም ነው። ቢኒያም የሐበሻ ሠርግና ክርስትና የሚቀርጽ፣ ጉትሎይትፊርቴል አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ የሚሠራ ልጅ ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ድምፅና ቪዲዮም እሱ ነው። ዓርብ ከሰዓት «ነይና እዪ፣ አለቀ» ብሎ ደወለልኝ።

ስገባ ሻምበል ወርቁም እዚያ ቁጭ ብለዋል። ሻምበል የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ በደርግ ጊዜ መኮንን ነበሩ። ኦፈንባኽ ያለችው ልጃቸው አዲሱ ቤቷ ልትሰቅለው ስለፈለገች የራሳቸውን የወታደር ፎቶ ሊያሠሩ መጥተዋል።

ቢኒያም ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። ያየሁትን ሳይ ወንበር ፈለግኩ። የፍራው ሊንድነር አያት ቅጠልያ ዩኒፎርም ለብሰዋል። ሦስቱም ሜዳሊያ የተንጠለጠሉበት ሪባን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነው።

«ቢኒ! ሰውዬው ጀርመን ናቸው እኮ!»

«ታዲያ ምን ቀለም ላድርገው? ጥቁርና ነጭ ፎቶ ቀለሙን አይነግርሽም። ስገምት እጄ ወደለመደው ሄደ።»

«ወይ ጉድ! የክብር ዘበኛ አደረግሃቸው!»

ሻምበል መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑ ላይ አጎነበሱ። «ልጄ፣ ሪባን ዝም ብሎ አይቀባም» አሉት ኮስተር ብለው። «ሜዳሊያ የሚታወቀው በሪባኑ ነው። ምን እንደሆነ ሳታውቅ ቀለም ብትቀባ ለሰውየው ያልሠራውን ሥራ ሰጠኸው ማለት ነው።» ከዚያ ወደ ኮሌታው ጠቆሙ። «ማዕረጉን ግን እኔ እነግርሃለሁ። ይህን ያህል ጌጥ ኮሌታ ላይ የሚያደርግ ጄኔራል ነው።»

«ጄኔራል!» አልኩ። ደስ አለኝ። እማማ ሲሰሙ ይታየኛል።

ቢኒያም ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የዚያኛው ሰውዬ ጄኔራል ቢሆንስ?» አለኝ። ስሙን አልጠራውም፤ መጥራትም አያስፈልግም ነበር።

«አፍህ ቁርጥ ይበል! ክፉ አታውራ።»

ቢሆንም ነገሩ ልቤ ውስጥ ገባ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብለን በማግስቱ ቅዳሜ፣ ቢኒያም በትልቁ ያተመውን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ይዘን ማይን ወንዝ ዳር ወደሚቆመው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ሄድን። እዚያ የድሮ ሜዳሊያና ቁልፍ የሚሸጥ ሰው እንዳለ ቢኒያም ያውቅ ነበር።

ሰውየው ሹራብ ቆብ ያደረገ፣ ፔርሙዝ ይዞ በታጣፊ ወንበር የተቀመጠ ወፍራም ጀርመን ነው። ጠረጴዛው ላይ ከተደረደሩት ሜዳሊያዎች አንዳንዶቹ መሐላቸው ላይ ትንሽ ክብ ወረቀት ተለጥፎባቸዋል።

«ያ ምንድነው?» አልኩት ቢኒያምን።

«የዚያን ሰውዬ ምልክት መሸፈኛ ነው። በአደባባይ ማሳየት በሕግ ክልክል ነው።»

ጌታ ሆይ፣ እኚህ ሰውዬ ብቻ ከነዚህ አይሁኑ ብዬ ጸለይኩ። ፎቶውን ዘረጋሁለት። ሰውየው ገና ከሩቅ አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«አይ፣ አይደለም። ብዙዎች እንደ አንቺ እየፈሩ ነው የሚመጡት። ይህ ከዚያ በፊት ነው፤ የቄሳሩ ዘመን ነው። ያኔ ሂትለርን ማን ያውቀዋል?»

ልስመው ምንም አልቀረኝም። «ተመስገን!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩ፤ አጠገባችን መብራት የምትመርጥ ሴትዮ ደንግጣ ዞረች።

«ጄኔራልስ ናቸው?»

«ማነው ጄኔራል ያላችሁ?» ሳቀ። ጣቱን ኮሌታው ላይ አደረገ። «ይህ የኮሌታ ክር የበታች ሹም ምልክት ነው። ይህ ትልቁ ቁልፍ ደግሞ ሲጨመርበት ሰርጀንት ይሆናል።»

«ሃምሳ አለቃ!» አለ ቢኒያም ሆዱን ይዞ። «ሻምበልን ማን ይነግራቸዋል?»

ሰውየው ደስ ብሎት ቀጠለ። ልብሱ ጥቁር ሰማያዊ፣ ኮሌታው ቀይ መሆን እንዳለበት ነገረን፤ ቢኒያም ስልኩ ላይ ጻፈ። የመጀመሪያዋ ሜዳሊያ የድሮው ቄሳር የተወለደበት መቶኛ ዓመት ሲከበር ዩኒፎርም ለለበሰ ሁሉ የታደለች ናት። «ይቺን ወጥ ቤቱም ዘበኛውም አግኝቷል።» ሁለተኛዋ ለረጅም ዘመን አገልግሎት። ሁለቱንም ከሥዕል መጽሐፍ ላይ ከነሪባናቸው ቀለም አሳየን። ወደ ሦስተኛዋ ሲደርስ ማጉያ ሌንስ ከኪሱ አወጣና ዓይኑን አስጠግቶ አጎነበሰ።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ…»

«ምን አለ?»

«ከሪባኑ ላይ ቀጭን የብረት ሰሌዳ አለች፤ ታያታለሽ? ጽሑፍ አላት።» አንድ በአንድ እየለየ አነበበ። «ኦ… ማ… ሄ… ኬ። ኦማሄኬ!» ቀና ሲል ፊቱ በርቷል፤ የጠፋ ዕቃውን ያገኘ ሰው ነው የሚመስለው። «ይህ ሰው አፍሪካ ነበር!»

አፍሪካ!

እኔ ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ? አጨበጨብኩ። አዎ፣ አጨበጨብኩ። «ሰማህ ቢኒ? አፍሪካን ያውቃሉ! እግዚአብሔር ሲያገናኝ እንዲህ ነው! ለካ እማማ እኔን የወደዱኝ ያለ ነገር አይደለም!» እያልኩ ዘለልኩ። በሐሳቤ እሑድ ደርሷል። እማማ ጋ ገብቼ «አያትዎ የእኔን አህጉር ያውቁ ነበር» ስላቸው፣ እሳቸው ሲያቅፉኝ ይታየኛል። ወደ ሰውየው ዞሬ «ሜዳሊያው ለምንድነው የተሰጣቸው? ሐኪም ነበሩ? የባቡር ሐዲድ ሠርተው ነው?» አልኩት።

የሰውየው ፊት ብርሃን ወዲያው ጠፋ። መጀመሪያ ቢኒያምን፣ ከዚያ እኔን አየ። እስከዚያች ደቂቃ ያናገረው ፎቶውን ነበር፤ እኛን ገና አሁን አየን ማለት ነው።

«ከየት ናችሁ?»

«ከኢትዮጵያ።»

«ያ ሌላ ቦታ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ይህ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ነው። ዛሬ ናሚቢያ የሚሉት። ያኔ የቄሳሩ ግዛት ነበር።»

«እሺ፣ እና?»

ሌንሱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። «ሌላ ሰው ብትጠይቂ ይሻላል።»

«የጠየቅኩት አንተን ነው።» ቁጣዬ መጣ። «ዘጠና ዓመት የሚሞላቸው አሮጊት አደራ ብለውኛል። ነገ እነግራቸዋለሁ ብያለሁ።»

ተነፈሰ። ከዚያ ወንዙን እያየ ነገረን። ሄሬሮ የሚባሉ ከብት አርቢ ሕዝቦች ነበሩ። መሬታቸውን ሲቀሟቸው ተነሱ። ጀርመኖቹ ጦር ላኩና ወጓቸው። የተረፈው፣ ሴቱ፣ ሽማግሌው፣ ሕፃኑ፣ ከብቱ ሳይቀር ወደ በረሃ ሸሸ። የበረሃው ስም ኦማሄኬ ነው። «ወታደሮቹ ከኋላ ተከተሏቸው። ጥይት እንኳ ብዙ አላስፈለጋቸውም። ውሃው ያለበትን ጉድጓድ ይዘው ጠበቁ። ሕዝቡ እንዳይመለስ፣ እንዳይጠጣ።»

«ከዚያስ?» አልኩ። ጅል ጥያቄ ነው፤ ግን አፌ ነው የጠየቀው።

«ከዚያማ በውሃ ጥም አለቁ። እጅግ ብዙ ሰው።»

ገበያተኛው ሁሉ እየተራመደ፣ እያወራ፣ እየሳቀ ነው፤ ድምፁ ግን አይሰማኝም። አንድ ተስፋ ቀረችኝ። «ወጥ ቤት ሊሆኑ ይችላሉ አይደል? ራስህ ነህ ወጥ ቤቱም ያገኛል ያልከው።»

«የመጀመሪያዋን ነው ያልኩሽ።» አሁን ዓይኔን አይቶ አልነበረም የሚናገረው። «ሰሌዳዋ ያለችበት እዚያው ቦታ ለተዋጋ ብቻ ነበር። አዝናለሁ።»

ፎቶውን አየሁት። ዓይኔ ያረፈው ጎራዴው ላይ ባለው እጅ ነው። ፀጉር የጎነጎነው ይኸው እጅ ነው። ትንሿን ፍራው ሊንድነርን ትከሻ ላይ ያወጣው ይኸው እጅ ነው። እኔ ደግሞ የዚያን ፀጉር የማበጥር፣ ያንን ገላ በየማለዳው የማጥብ ጥቁር ሴት ነኝ። ያጨበጨብኩበት እጄ አስጠላኝ። ወንዙ ዳር ሄጄ ቁጭ አልኩ። ቢኒያም ውሃ ገዝቶ ሰጠኝ፤ ጠርሙሱን ሳየው ደግሞ አለቀስኩ።

ወደ ቢኒያም ክፍል ተመለስን። ፎቷቸውን ሊወስዱ መጥተው ሲጠብቁን የቆዩት ሻምበል «ጄኔራል ነው አላልኳችሁም?» ብለው ሊስቁ ተነሱና ፊቴን አይተው ተቀመጡ። ቢኒያም ሁሉንም ነገራቸው።

«ጀግና ነበሩ ብለሽ እለፊው» አለኝ ቢኒያም። «በዘጠና ዓመት ልደት ላይ ምን ታተርፊያለሽ? ሴትየዋ ምን አጠፉ?»

«አደራ አሉኝ እኮ! እነግርዎታለሁ ብያለሁ። ደግሞ እኔስ? ፎቶውን ዝም ብዬ ሰቅዬላቸው በየቀኑ ከሥሩ ላጥባቸው?»

ሻምበል ከእሳቸው ሰምቼ በማላውቀው ድምፅ «አትንገሪያት፣ ልጄ» አሉ።

«ለምን?»

ጣታቸውን ወደ ቢኒያም ጠረጴዛ ዘረጉ። የራሳቸው ፎቶ እዚያ ተቀምጧል። ወጣት ናቸው፤ መልከ መልካም፤ ደረታቸው ላይ ሦስት ሜዳሊያ አለ።

«ልጄ ሳሎኗ ልትሰቅለኝ ነው» አሉ። «ለሁለቱ መልስ አለኝ። ሦስተኛዋን ብትጠይቀኝ ግን ምን እላለሁ?» ተነስተው ባርኔጣቸውን አደረጉና ሳይሰናበቱን ወጡ። በዚያ ቀን የባሰ ነገር አልሰማም ብዬ ነበር፤ ሰማሁ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወደ ቦከንሃይም ሄድኩ። ቢኒያም ቀለሙን አስተካክሎ፣ ወርቃማ ፍሬም ውስጥ አድርጎ ሰጥቶኛል። ሥራውን በደንብ ሠርቶታል፤ ምነው ባልሠራው እስክል ድረስ። ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ቆምኩ።

ፍራው ሊንድነር ነጭ ሸሚዛቸውን ከደረት ጌጣቸው ጋር ለብሰው፣ ኬክ ቆርሰው ጠበቁኝ። ሥዕሉን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። አጎነበሱ፤ አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ ደረሰ። ከዚያ ጮኹ።

«ፊቱ! ትርሲት፣ ፊቱን አየሁት! ዓይኑ ይኸው!» መስታወቱን ሳሙት። እንባቸው በመስታወቱ ላይ ወረደ፤ በእጅጌያቸው ጠረጉት። በዚያች ደቂቃ ብቻ ብንቀር ብዬ ተመኘሁ።

«በይ አሁን» አሉ እየሳቁ። «ሜዳሊያዎቹስ?»

«የመጀመሪያዋ ለቄሳሩ መቶኛ ዓመት ነው። ለሁሉም የተሰጠ። ሁለተኛዋ ለረጅም አገልግሎት። ማዕረጋቸው ሰርጀንት ነው።»

«ሰርጀንት!» አሉ በኩራት። «ሦስተኛዋስ?»

«አላወቋትም» ልል አፌን ከፈትኩ። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን እጄ ላይ አድርገው ነበር።

«የደበቅሽኝ ነገር አለ» አሉኝ። «ንገሪኝ። አደራ ብዬሻለሁ።»

ነገርኳቸው። ያለኝ ጀርመንኛ ጥሩ ነው፤ ያን ቀን ግን የሕፃን ሆነ። አፍሪካ። ሄሬሮ። በረሃ። ወታደሮቹ ውሃው ላይ ተቀመጡ። ሰዎቹ ሞቱ፤ ሕፃናትም። ሜዳሊያዋ ለዚያ ነው። እዚያ ነበሩ።

ፍራው ሊንድነር አልጮኹም፣ አላለቀሱም። ፊታቸው ላይ የነበረው ደም ሁሉ ሲሄድ አየሁት።

«የቦታውን ስም ድገሚልኝ።»

«ኦማሄኬ።»

ከንፈራቸው ስሙን ያለ ድምፅ ደገመው። ቆይተው፣ ለእኔም ለራሳቸውም ሳይሆን፣ «ኩባያዬ ውስጥ ውሃ ሳስተርፍ ይጠጣዋል» አሉ። «ሁልጊዜ። አንድ ጠብታ እንዲደፋ አይወድም። እጁ እየተንቀጠቀጠ ይጠጣዋል። ስስታም ነው እያልኩ ለጓደኞቼ አውርቼ ስቄበታለሁ።»

ካፖርቴን አነሳሁ። በሩ ላይ ስደርስ ጠሩኝ።

«ትርሲት፣ ነገ ትመጫለሽ? ወይስ ሌላ ሰው ይልካሉ?»

ልዋሻቸው አልቻልኩም። «አላውቅም» ብዬ ወጣሁ።

ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ ባለቤቴን «ሰኞ ቢሮ ደውዬ የሥራ ፕላኔን ቀይሩልኝ እላለሁ» አልኩት። «ሴትየዋ ምን በደሉሽ?» አለኝ። «ምንም!» ብዬ ጮህኩበት። «ምንም አልበደሉኝም! እሱ ነው እኮ የከፋው!» እውነቴን ነበር። የምቆጣው ሰው አጥቼ ነው እሱ ላይ የጮህኩት።

ሰኞ ማለዳ ስልኩን አንስቼ ሳልደውል መልሼ አስቀመጥኩት። ኡ-ባን፣ የከተማው ባቡር ውስጥ ተቀምጬ ለምን እንደምሄድ አላውቅም ነበር። በቁልፌ ከፈትኩ። ሌላ ጊዜ «ጉተን ሞርገን፣ ትርሲት!» የሚሉት ድምፅ የለም። ሞቱ እንዴ ብዬ ወደ መኝታ ክፍላቸው ሮጥኩ።

ፍራው ሊንድነር አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ለእግራቸው እብጠት የሚደረግ ጠንካራ ካልሲ አላቸው። እሱን ለማልበስ የእኔ እጅ እንኳ ይደክማል፤ ሁልጊዜ መሬት ላይ ተንበርክኬ፣ እግራቸውን ደረቴ ላይ አስደግፌ ነው የማጠልቅላቸው። ዛሬ ራሳቸው ሊያደርጉት ሲታገሉ ቆይተዋል። አንዱ ካልሲ ተረከዛቸው ላይ ተጠቅልሎ ቀርቷል። የእጃቸው ቆዳ ተልጦ ደምቷል። ሸሚዛቸው በላብ ርሷል።

«ምን እየሆኑ ነው? ለምን አይጠብቁኝም?» አልኩ ደንግጬ።

ቀና ብለው አላዩኝም። «እግሬ ሥር እንድትንበረከኪ አልፈለግኩም» አሉ። «ዛሬ አይሆንም።»

ቦርሳዬ ከትከሻዬ ወደቀ። እዚያው ቆሜ እንደ ልጅ አለቀስኩ። እሳቸውም አለቀሱ። ሁለታችንም ይቅርታ የምንባባልበት ነገር አልነበረም፤ ይቅርታ የሚጠየቁት ሰዎች ከመቶ ዓመት በፊት አሸዋ ውስጥ ቀርተዋል። ሲበቃን ሄጄ አልጋው ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጎን ለጎን። እግራቸውን አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግኩና ካልሲውን ቀስ ብዬ አጠለቅኩላቸው። አስቸጋሪ ነው በዚያ አቀማመጥ፤ ወገቤን አሞኛል። እስኪሞቱ ድረስ ግን ከዚያ ወዲያ የምናደርገው እንደዚያ ነበር።

ሥዕሉን ምን አደረግን ትሉኝ ይሆናል። ልጥለው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ከጣልሽው የሞቱት ሁለተኛ ጠፉ ማለት ነው» አሉ። አሰቀሉት። ለሐኪሙም፣ ለጎረቤቱም፣ ለእህታቸው ልጅም፣ «አያቴ ነው፤ እወደው ነበር» ይላሉ፤ ቀጥለው ሦስተኛዋን ሜዳሊያ ያሳዩና ስሟን ይናገራሉ። አንዳንዱ ወሬ ይቀይራል። አንዷ ጎረቤት መምጣት አቆመች።

እኔ ከዚያ ወዲህ ቶሎ አላጨበጭብም። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ የሳሎናችሁን ግድግዳ ታውቁታላችሁ። በጎራዴም በክራቫትም ያጌጠ ሰው እዚያ አለ። ጠይቁ ልላችሁ ፈልጌ ነበር፤ ግን መጠየቅ ቀላል አይደለም፤ እኔ አይቼዋለሁ። መልሱን ከሰማችሁ በኋላ ሰውየውን መውደድ የምታቆሙ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። የሚከብደውም እሱ ነው፤ ፍቅሩም እውነቱም አብረው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ለአንዱ ቦታ አይለቅም።

ሻምበል ወርቁ ለወራት ሸሹኝ። አንድ እሑድ ግን ከአምልኮ በኋላ የተከራየነው አዳራሽ በር ላይ ጠብቀው አገኙኝ።

«ልጄ ጠየቀችኝ» አሉ።

«ምን አሏት?»

«ነገርኳት። ሦስተኛዋንም።»

ምን እንደነበረች እኔ አልጠየቅኩም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም። «ምን አለች?» ብቻ አልኩ።

«ሥዕሉን ከግድግዳው አወረደችው። እዚያው እያየሁ።» መሐረባቸውን አውጥተው አፍንጫቸውን ጠረጉ። ከዚያ ፈገግ ሊሉ ሞከሩ። «ቤቴ ገብቼ በጨለማ ተቀምጬ ሳለ ግን ደወለች። ድምፅዋ ተዘግቷል። 'አባዬ፣ እራት በላህ?' አለችኝ።»